ከክትባት በኋላ ለተጎዳ ትከሻ ካሣ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ የክትባት ጉዳት ካሣ ጠይቄ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ስለተከታተልኩ፣ የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የጉንፋን ክትባት ከተወጋሁ አራት ወር ሆነኝ፤ እጄን ማንሳት አቅቶኛል። የወጋችኝን ልጅ ግን እንጀራዋን ላሳጣት አልፈልግም።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እህቴ። እሷን አትከሺም። አቤቱታው ዋሽንግተን ላለው የፌዴራል የይገባኛል ፍርድ ቤት ይገባል፤ መልስ ሰጪው የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። ገንዘቡም ከክትባቶች ላይ፣ በአንድ ዶዝ ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም ከሚሰበሰብ ታክስ ይወጣል። ማን እንዳጠፋ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። መርፌው ከጡንቻው ከፍ ብሎ ሲወጋ የሚመጣው ጉዳት ከ2017 ጀምሮ በሕጉ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ክትባቱ እንዳመጣቸው በሚቆጠሩ ጉዳቶች ዝርዝር፣ ሰፍሯል። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ከተወጋው ትከሻ አለመውጣት፣ ከ6 ወር በላይ መቆየት አለበት። ቀዶ ሕክምና አድርገሽ ሆስፒታል ከተኛሽ ግን 6 ወሩ አይጠበቅም። ትከሻው ቀድሞ የታመመ ከሆነ ወይም ሌላ ምክንያት ከተገኘ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ «ያልፋል» ብዬ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። አበቃልኝ?

መልስ፦ አላበቃም፤ ብዙዎቻችን የምንጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል «ደህና፣ ተመስገን» እንላለን። እሱም «ሕመም የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ያ ወረቀት በኋላ ይከራከረናል። እባክህ፣ ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮህ የትኛው ትከሻ እንደሆነ፣ ክትባቱን መቼ እንደተወጋህ፣ ሕመሙ ከተወጋህ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደጀመረ ተናገርና መጻፉን አረጋግጥ። ያን ሰሞን ልብስ ስታለብስህ የነበረች ባለቤትህም ቃሏን በጽሑፍ ትስጥ።

ጥያቄ፦ ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም።

መልስ፦ አቤቱታው በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የቀረበ ከሆነ፣ ብትሸነፊም እንኳ ተገቢውን የጠበቃ ክፍያ የካሣ ፕሮግራሙ ይከፍላል። ከካሣሽ ድርሻ የሚጠይቅ ጠበቃ ካጋጠመሽ ትተሽው ውጪ፤ ሕጉ ይከለክለዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ይከፈላል? እስከ መቼስ ማመልከት ይቻላል?

መልስ፦ ለሥቃይ ጣሪያው 250,000 ዶላር ነው፤ ኢንሹራንስ ያልሸፈነው ሕክምናና የቀረ ደመወዝ ለብቻ ይታሰባል። ጊዜው ሕመሙ ከጀመረበት ቀን 3 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ የኮቪድ ክትባት ነበር።

መልስ፦ ያ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ከተከተቡበት ቀን 1 ዓመት ብቻ ይሰጣል። ለሥቃይም ለጠበቃም አይከፍልም። ቀኑ ሳያልፍብዎት ዛሬውኑ ካርድዎን አውጥተው ይቁጠሩ።