ደረቱ የተወጋ ሰው፦ ቁስሉ ይደፈን ወይስ ክፍት ይተው?

ጥያቄ፦ ሰው ደረቱን በስለት ሲወጋ ቁስሉን በላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ ሸፍኑ የሚል አለ፤ ክፍት ይተው የሚልም አለ። የቱን ልስማ? ስለቱ እዛው ተሰክቶ ቢቀርስ?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። የተሰካውን እንዳትነቅለው! ደሙን አፍኖ የያዘው ራሱ ስለቱ ሊሆን ይችላል። እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፈው። አምቡላንስ ወዲያው ይጠራ፤ አጠገብህ ሰው ካለ እሱ ይደውል፣ አንተ ከተጎጂው አትለይ።

ወደ ላስቲኩ እንምጣ። ደረት ሲበሳ አንዳንዴ ሰውዬው በተነፈሰ ቁጥር ቁስሉ አየር ሲስብ ይሰማል፣ ደሙም አረፋ ይሠራል። ይሄን ያየ ሰው ይደነግጥና መድፈን ያምረዋል። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ሳንባው ራሱ ተበስቶ ከሆነ የሚያፈተልከው አየር መውጫ ያጣል፣ ደረት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሳንባውን ጨፍልቆ ልብንም ያስጨንቃል፤ ይሄ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሥልጠና ለሌለው ሰው ክፍት መተው ይሻላል። ደም በብዛት ከፈሰሰ ግን በንጹህ ጨርቅ ተጫነው፤ ጨርቁ በደም ርሶ ቁስሉን እንዳይደፍን ቀይረው። ሌላ ሰው ቀድሞ ሸፍኖት ትንፋሹ ከባሰበት ቶሎ ግለጠው።

ራሱን ካልሳተ በሚመቸው መንገድ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ጀርባውንና ብብቱንም እይ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እዛ ነው። ውሃ ቢለምንህም አትስጠው፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።