የዩክሬናውያንን የባህል ማኅበር የሚመራው ማን ነው? ጥያቄና መልስ

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ መመርመር እንጀራዬ ነው። የምኖረው ለንደን ሲሆን ከደንበኞቼ የሚበዙት የስደተኛ ማኅበራት ናቸው፤ የዩክሬናውያን ማኅበራትም ይገኙባቸዋል። ሰሞኑን ስለ ባለአደራዎች ሥራ ጥቂት ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። የየግል ማኅበራችሁን ጠብ እንደማልዳኝ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ የቀረውን እንዲህ መልሻለሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ በየከተማው የዩክሬናውያን ክበብ አያለሁ። ሕንፃው የሊቀመንበሩ ነው ወይስ የኤምባሲያቸው?

መልስ፦ የሁለቱም አይደለም። ንብረቱ የድርጅቱ ዓላማ ማስፈጸሚያ ነው፤ የሚያስተዳድሩትም ባለአደራዎች ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ የድርጅቱን አስተዳደር በጠቅላላ የሚቆጣጠር ሰው ባለአደራ ነው። በደንቡ ላይ “ዳይሬክተር” ወይም “የምክር ቤት አባል” ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ከኃላፊነቱ አያመልጥም። ኤምባሲው በበዓል ቀን የክብር እንግዳ ይሆናል እንጂ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ደግሞም የታላቋ ብሪታንያ ዩክሬናውያን ማኅበር የተቋቋመው በ1946 ነው፤ ዩክሬን ነጻነቷን ያወጀችው በ1991። ማኅበሩ ኤምባሲውን ቢያንስ በአርባ አምስት ዓመት ይበልጠዋል ማለት ነው፤ ታናሽ ታላቁን እንዴት ያዝዘዋል?

ጥያቄ (ከማንችስተር)፦ ይህን ሁሉ ቤት ከየት አመጡት? ባለጠጋ ነበሩ?

መልስ፦ ኧረ ምንም አልነበራቸውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ ሠራተኛ ስላጠራት በጀርመንና በኦስትሪያ መጠለያዎች የነበሩ ስደተኞችን ለእርሻ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ለማዕድን ሥራ አመጣች። በዚያ ላይ በጀርመን ሥር ተዋግተው ጣሊያን ውስጥ በምርኮኛነት ከቆዩት ከስምንት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ1947 ተጨመሩ። ክበቦቹ ብራድፎርድን፣ ሮችዴልን፣ ኖቲንግሃምንና ሌስተርን በመሳሰሉ ከተሞች የሚገኙት ፋብሪካው እዚያ ስለነበረ ነው። ገንዘቡ ከሳምንት ደመወዝ እየተቆረጠ የተዋጣ ነው። ዛሬ ባለአደራ የሆነ ሰው የሚጠብቀው ያንን ላብ ነው፤ የለንደን የቤት ዋጋ የት እንደደረሰ ስታስቡ ደግሞ ፈተናው ይገባችኋል።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ እርስዎ ሁልጊዜ “ማን እንደሚመራ ሳይሆን ማን እንደሚመርጥ እዩ” ይላሉ። ምን ማለትዎ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ በታሪክ ልመልስልዎ። በ1945 ለንደን ውስጥ የዩክሬናውያን የእርዳታ ቢሮ ተከፈተ። መሪው ቦህዳን ፓንቹክ የተባለ የካናዳ አየር ኃይል መኮንን ነበር፤ በኋላም የታላቋ ብሪታንያ ዩክሬናውያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ሰውዬው ሥራ ወዳድ ነው፤ ባለሥልጣናቱን ያውቃል፤ እንግሊዝኛም አቀላጥፎ ይናገራል። ነገር ግን እርሱ የሚመራቸው ሰዎች ተለወጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ አዲስ መጤ አባል ሆነ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የዩክሬን ብሔርተኞች መሪ የነበረው የስቴፓን ባንዴራ ደጋፊዎች ነበሩ። በ1949 ጠቅላላ ጉባኤ ድምፁ ወደ እነርሱ አጋደለ፤ ከተሸነፈው ወገን ከፊሉ ወጥቶ በዚያው ዓመት የራሱን ፌዴሬሽን መሠረተ። ይህ ሁሉ የሆነው በድምፅ ነው። የማኅበሩ ዕጣ በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ አልተወሰነም፤ በአባላት መዝገብ ላይ ነው የተወሰነው።

ስለዚህ የማንኛውንም ማኅበር ደንብ ስትይዙ መጀመሪያ “አባል” የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። በዚህ አገር ሁለት ዓይነት አለ። በአንዱ ብዙ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ባለአደራ ይመርጣሉ። በሌላው ከባለአደራዎቹ በቀር አባል የለም፤ ሲጎድሉ ራሳቸው ይተካሉ። ሁለተኛው ጸጥታ አለው፤ ጉባኤ ላይ ወንበር አይወረወርም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ቆይታችሁ ስታዩት ያው አምስት ሰው ሸብቶ ታገኙታላችሁ። እኔ ጫጫታ ያለበትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ከ2022 ወዲህ የመጡት ዩክሬናውያንስ? ድምፅ አላቸው?

መልስ፦ በመንግሥት ልዩ የቪዛ መርሐ ግብሮች ከሁለት መቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ብሪታንያ ገብተዋል። አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ልጃቸውን ቅዳሜ ወደ ዩክሬንኛ ትምህርት ቤት ይልካሉ፤ እነርሱም እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ይህ ግን ተገልጋይ እንጂ አባል አያደርጋቸውም። አባል ለመሆን በደንቡ የተጻፈውን መዋጮና ማመልከቻ ማሟላት አለባቸው። እዚህ ላይ ነባሮቹ ሁለት ልብ ይሆናሉ። የአያቶቻቸውን ቤት ትናንት ለመጣ ሰው ድምፅ ማስረከብ ይከብዳቸዋል፤ የመጣው ሰው ደግሞ ስለ ዛሬዋ ዩክሬን ከእነርሱ ይበልጥ ያውቃል፤ ቋንቋውም ትኩስ ነው። በበኩሌ በሩን ዘግቶ ማኅበሩን ማስረጀት ኃላፊነትን መወጣት አይመስለኝም። የምመክረውም ከአዲሶቹ አንድ ሁለት ሰው በቶሎ ወደ ቦርዱ ማስገባት ነው። ሕጉ ዜግነት አይጠይቅም።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ባለአደራዎች ደመወዝ አላቸው?

መልስ፦ በተለምዶ የላቸውም። የትራንስፖርትና የመሳሰለው ወጪያቸው በደረሰኝ ይተካል። የአንዱ ባለአደራ የግል ድርጅት የማኅበሩን ጣሪያ ሊጠግን ቢፈልግ ባለአደራው ጥቅሙን አስመዝግቦ ውሳኔው ሲሰጥ ከስብሰባው ይወጣል፤ ደንቡና ሕጉ የሚፈቅዱት መሆኑም አስቀድሞ ይታያል። ቃለ ጉባኤው ላይ “አቶ እገሌ ወጡ” የሚለው አንድ መስመር ስንት ጠብ እንዳስቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከኮቨንትሪ)፦ ጋሼ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዩክሬናዊት ጓደኛዬ የወጣቶች ተወካይ ሆና ባለአደራ ልትመረጥ ትችላለች?

መልስ፦ ልጄ፣ እንደ ድርጅቱ ዓይነት ነው። በኩባንያነት ወይም በበጎ አድራጎት ኮርፖሬሽንነት ተመዝግቦ የሕግ ሰውነት ካለው (በራሱ ስም ውል የሚዋዋል ከሆነ) ከዐሥራ ስድስት ዓመት ጀምሮ ይቻላል፤ ከሌለው ዐሥራ ስምንት መሙላት አለባት። ደንባቸው ከዚህ ከፍ ያለ ዕድሜ ሊጠይቅ ስለሚችል እርሱንም ትይ።

ጥያቄ (የሒሳብ ባለሙያ፣ ከሬዲንግ)፦ ዩክሬናዊ አይደለሁም፤ ገንዘብ ያዥ ሁን ተብያለሁ። ዕዳ ቢመጣ ቤቴን እሸጣለሁ?

መልስ፦ ድርጅቱ የሕግ ሰውነት ከሌለው ውሉን የሚፈርሙት ባለአደራዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ኩባንያ ከሆነ ግን ዕዳው የድርጅቱ ነው፤ ግዴታውን የጣሰ ባለአደራ ግን በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ነገር ይያዙ፤ ገንዘብ ያዥ ስለሆኑ ሒሳቡ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ባለአደራዎች የሚጠየቁት በጋራ ነው። “ሒሳቡን እርሱ ያውቃል” የሚል ባለአደራ ካጋጠመዎ ወንበሩን ከመቀበልዎ በፊት ያስቡበት። እንደ ዕድር ዳኛ በጨዋነት ብቻ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ጥያቄ (ከብሪስቶል)፦ የባህል ማኅበር ለዩክሬን ጦር ድሮን ገዝቶ ሊልክ ይችላል?

መልስ፦ በብሪታንያ በጎ አድራጎት ስም አይችልም። የራሷን የብሪታንያን ጦር ብቃት ማገዝ በሕግ የበጎ አድራጎት ዓላማ ነው፤ የሌላ አገርን ጦር ማስታጠቅ ግን አይደለም። ለቁስለኛ መድኃኒት፣ ለተፈናቃይ ብርድ ልብስ፣ ይህ ይቻላል፤ ያውም የድርጅቱ ዓላማ እርዳታን የሚጨምር ከሆነ። ደንቡ “ባህልና ቋንቋ” ብቻ የሚል ከሆነ ባለአደራዎቹ መጀመሪያ ደንቡን ማሻሻል አለባቸው። ወንድሙ ግንባር ላይ ያለ ባለአደራ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ያም ሆኖ እንደ ግለሰብ ከኪሱ የሚያደርገውን በማኅበሩ ሣጥን ማድረግ አይችልም።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ካናዳስ እንዴት ነው? በስጦታ ጉዳይ ያኔ የተነሣው ውዝግብ ትዝ ይለኛል።

መልስ፦ ካናዳ በዚህ ነገር ሥር የሰደደች ናት። ዊኒፔግ ያለው የታራስ ሼቭቼንኮ ፋውንዴሽን በ1963 በፓርላማ አዋጅ የተቋቋመ ነው። እርስዎ የሚያነሡት የ2023ቱን ይመስለኛል። ያሮስላቭ ሁንካ የተባሉ አዛውንት ፓርላማ ውስጥ ቆመው ከተጨበጨበላቸው በኋላ፣ ቀድሞ በናዚ ጀርመን ዋፈን ኤስኤስ ሥር በጋሊሺያ ክፍለ ጦር ማገልገላቸው ታወቀና አፈ ጉባኤው ሥልጣን ለቀቁ። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲም በእርሳቸው ስም ለዩክሬን ጥናት የተሰጠውን የ30,000 ዶላር ቋሚ ስጦታ ለቤተሰቡ መለሰ። ለባለአደራ የሚበጀው ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ለጋሹ ማን እንደነበር፣ ስሙም በግድግዳችን ላይ ሲጻፍ ምን እንደምንል መጠየቅ ነው። ከገባ በኋላ መመለስ ውርደቱ ለሁለቱም ወገን ነው፤ ቤተሰቡም ይጎዳል። የቀደመው ትውልድ ይህን ጥያቄ እንዳይነሣ ይፈልግ ነበር፤ አሁን ግን የሚያስቀር የለም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ እኛም የኮሚዩኒቲ ማእከል አለን። ሊቀመንበራችን ዘመኑ አልቆ አልወርድም ብሏል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያወርደዋል?

መልስ፦ አልዳኝም ብያለሁ፤ ስለ አጠቃላዩ ግን ልናገር። እዚህ በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሆነው የበጎ አድራጎት ኮሚሽን የውስጥ ጠብ አይፈታም። ገንዘብ ሲጠፋ ወይም ንብረት አደጋ ላይ ሲወድቅ ምርመራ ይከፍታል፤ ባለአደራ ማገድና ማንሳትም ይችላል። “ወንበር አልለቅም” ላለ ሰው ግን ደንቡን እዩ ይላል። በደንቡ አባላት ተሰብስበው ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩበት አንቀጽ አለ ወይ? ምልዓተ ጉባኤው ስንት ነው? የአባላት ዝርዝር በማን እጅ ነው? ዝርዝሩ በሊቀመንበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከሆነ ጠቡ ከመጀመሩ በፊት ተሸንፋችኋል። በአሜሪካ ነገሩ በየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ እዚያው ጠበቃ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከኒውካስል)፦ አንድ የዩክሬን ማኅበር መዋጮ ጠይቆኛል። እነማን እንደሚመሩት እንዴት ላጣራ?

መልስ፦ በኮሚሽኑ የሕዝብ መዝገብ ላይ የማኅበሩን ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር ያስገቡ። የባለአደራዎቹን ስም፣ ገቢና ወጪውን፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ በጊዜው መግባቱን ያያሉ፤ የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የተሰጣቸው ጊዜ ዐሥር ወር ነው። ለደኅንነት ሲባል የአንዳንድ ባለአደራ ስም እንዳይታይ ኮሚሽኑ ሊፈቅድ ስለሚችል አንድ ስም ባያገኙ ወዲያው አይጠርጥሩ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው። በአሜሪካ ቅጽ 990 የተባለው ዓመታዊ ሪፖርት የቦርድ አባላቱን ከነክፍያቸው ይዘረዝራል። ሪፖርቱ ከዘገየ ስልክ ደውለው ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ደህና ገንዘብ ያዥ በጥያቄዎ አይቆጣም።