ማስታወቂያው ገባ፣ ምርጫዎቹ ቀሩ

«ጋሼ፣ በጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ) የቤት ኪራይ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሳይት እየሠራሁ ነው። ሞዴል ፎርሙን (ጃንጎ ከዳታቤዝ ሞዴሉ የሚሠራልኝን ፎርም) ሴቭ ሳደርግ ዳታቤዙ ‹የአከራዩ ቦታ ባዶ ሊሆን አይችልም› አለኝ። ስለዚህ ‹ኮሚት ፎልስ› (commit=False፣ ማለትም ዳታቤዙ ላይ ገና አትጻፍ) ብዬ፣ ሎግኢን ያደረገውን ሰው ሞልቼ ሴቭ አደረግኩት። አሁን ማስታወቂያው ይገባል፤ አከራዩ የመረጣቸው ‹ሮቶ›፣ ‹ጀኔሬተር›፣ ‹የመኪና ማቆሚያ› ግን የሉም። ኤረርም አላየሁም።»

የሠራኸው ልክ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ጎድሎሃል። አገልግሎቶቹ ከማስታወቂያው ጋር የተያያዙት በሜኒ ቱ ሜኒ (አንድ ማስታወቂያ ብዙ አገልግሎት፣ አንድ አገልግሎትም ብዙ ማስታወቂያ) ነው አይደል? ያ ዝምድና የሚጻፈው በማስታወቂያው ሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን ጃንጎ ለብቻው በሚከፍተው መሃከለኛ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የማስታወቂያው አይዲ (መለያ ቁጥር) እና የአገልግሎቱ አይዲ ጎን ለጎን። ኮሚት ፎልስ ስትል ማስታወቂያው ገና አይዲ ስለሌለው ጃንጎ ምርጫዎቹን ፎርሙ ላይ ያቆያቸዋል፤ እስክትጠራቸውም ዝም ይላል። መጀመሪያ ማስታወቂያውን ሴቭ አድርግ፣ ቀጥለህ ‹ሴቭ ኤም ቱ ኤም›ን (save_m2m) ጥራ። የሚጠራው ከፎርሙ ላይ ነው፤ ከማስታወቂያው ላይ ብትጠራው አያውቀውም።

እኔ ግን ኮሚት ፎልስን ለዚህ ሥራ አልጠቀምም። ፎርሙን ስትፈጥር አከራዩ የተሞላበት አዲስ ማስታወቂያ በ‹ኢንስታንስ› (instance፣ ፎርሙ የሚሠራበት ማስታወቂያ) በኩል ስጠው፤ ከዚያ ተራው ሴቭ ሁሉንም ይጨርሳል። ሌላም ጥቅም አለው። አንድ አከራይ አንድን ርዕስ ሁለቴ እንዳይለጥፍ የሚል ገደብ ሞዴሉ ላይ ካለህ፣ አከራዩ ከፎርሙ ፊልዶች ውስጥ ስለሌለ ፎርሙ ያንን አያጣራም፤ ሰውዬው ፊት የሚፈነዳው የዳታቤዙ ኤረር ነው። በኢንስታንስ ከሄድክ ግን ‹ክሊን› (clean፣ የፎርሙ ማጣሪያ) ውስጥ አከራዩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ራስህ ታጣራለህ።

አከራዩን በድብቅ ፊልድ ፎርሙ ላይ ልጨምረው ብለህ እንዳታስብ። ብራውዘሩን ከፍቶ ቁጥሩን መቀየር ለማንም ቀላል ነው።

እስካሁን የተለጠፉት ማስታወቂያዎች ምርጫ የትም አልተጻፈም፤ አከራዮቹ እንደገና እንዲሞሉ መጠየቅ አለብህ። ማስተካከያ ገጹ ላይም ነባሩን ማስታወቂያ በኢንስታንስ ማሳለፍ አትርሳ፤ ካልሆነ ሁለተኛ ማስታወቂያ ይፈጠራል። ማስታወቂያውን ከዳታቤዝ ስታወጣ ደግሞ በአይዲው ብቻ ሳይሆን በአከራዩም ፈልገው፤ አለዚያ ሊንኩ ላይ ቁጥር የቀየረ ሁሉ የሌላውን ቤት ዋጋ ያስተካክላል።