ኮለኑ ሁሉ አይጠቅለል፤ ሱቁ ግን ይታሰብበት

የድሬዳዋ ሳቢያኗ እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎቹም ላሳጥረው። ባለ አንድ ፎቅ የብሎኬት ቤት አለሽ። ታች ሁለት ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። በ2017 ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ሲናጥ ከከረመ ወዲህ ሐሳብ ገብቶሻል። በጓሮ በኩል ከመስኮት ጥግ የተነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ደግሞ ፍርሃቱን አባሰው። የመጣው ኮንትራክተር «ኮለኖቹ (የአርማታ ምሰሶዎቹ) በሙሉ በአዲስ ብረትና አርማታ ይጠቅለሉ» ብሎ ዋጋ ቆረጠልሽ። ያዋጣል ወይ ነው ነገሩ። (አንቺ የምልሽ የድሬ ሰው ስለሆንኩ ነው፣ አንቱታ እዚህ ብዙም አይሄድም።)

በሙሉ? አያዋጣም። የፊት ለፊቶቹ ሦስቱ ግን ያዋጣሉ።

ከስንጥቁ ልጀምር። በፎቶው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያጋደለ ነው። የብሎኬቱን መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ ይዞ ይወጣል፣ ላይ ሰፋ ታች ጠበብ ይላል። መንቀጥቀጥ ግድግዳን ወዲያና ወዲህ ስለሚገፋ ብዙ ጊዜ የሚተወው መስቀለኛ ስንጥቅ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ደግሞ እዚያው ጥግ ሥር ነው ብለሻል። እኔ የጠረጠርኩት ውሃ ነው፤ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር ርሶ ጥጉ ቁልቁል ሄዷል። ቧንቧውንና ጉድጓዱን አስፈትሺ። ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፊና ቀን ጻፊበት፤ ጥጉ አሁንም እየሄደ ከሆነ ጀሶው ይሰነጠቃል። በፊት የመጣው ሰው ሲሚንቶ ለቅልቆ ቀለም ቀብቶበት ሄዷል፣ ገንዘብም ተቀብሏል፣ ይሄ እንግዲህ ማስረጃ መደበቅ እንጂ ጥገና አይባልም።

እኔን ያስደነገጠኝ በአንድ መስመር ጽፈሽ ያለፍሽው ነው። ሱቁን ለማስፋት የመሃሉን ግድግዳ አፍርሰሻል። ላይ ቤቱ በክፍልና በግድግዳ የታጨቀ ነው፣ ታች ግን በመንገዱ በኩል ሦስት ኮለንና የብረት መዝጊያ ብቻ ቀርቷል። መሬቱ ሲወዛወዝ ላይኛው ፎቅ እንደ አንድ ድንጋይ ሆኖ ይሄዳል፣ መተጣጠፉ ሁሉ እነዚያ ሦስቱ ላይ ይወድቃል። የኋላው ግድግዳ ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ ቤቱ ይጠማዘዛል።

አሁን ስለ ስታፋ፣ ማለትም የኮለኑን ቋሚ ብረቶች ዙሪያቸውን ስለሚያስረው ቀለበት ብረት ላውራ፣ እዚህ ላይ ታገሱኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቋሚው ፌሮ (ብረት) ውፍረት ነው። ኮለንን በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚያቆመው ግን ስታፋው ነው። ጆንያ ሙሉ በቆሎ ላይ ብትቀመጪ ይችልሻል፤ ጆንያው ከተተረተረ በቆሎው ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። አርማታም እንደዚያው ነው። ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን መንፋት ይፈልጋል፣ ስታፋው ነው ሰብስቦ የሚይዘው። ቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወዛወዝ ከስታፋው ውጭ ያለው የአርማታ ልባስ ይረግፋል። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ይዞት የነበረው ያ የረገፈው ልባስ ስለሆነ ይከፈታል፣ ቋሚው ብረት ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ኮለኑ ቁጭ ይላል። በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ የታጠፈው ግን መሃሉን እንደነከሰ ይቆያል። የአንድ መታጠፊያ ልዩነት ነው እንግዲህ! ብረት ሠራተኛው ፌራዮ ግን ለማጠፍ ይከብደኛል ብሎ ይተወዋል፣ ፎርማኑም አያይም።

አዲስ የምትሠሩ ደግሞ ሒሳቡን ስሙ። በኮለኑ ላይና ታች ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ላይ ስታፋውን ከ20 ሳንቲም ወደ 10 ብታጠጉት በአንድ ኮለን 5 ያህል ይጨምራል። ለ12 ኮለን 60። አንዱ 1 ሜትር ቢፈጅ 60 ሜትር፣ ማለትም ባለ 8 ሚሊ ብረት 5 ቤርጋ (አንዱ ዘንግ 12 ሜትር ነው)። ለአንድ ፎቅ ይኸው ነው! የበሩ ቀለም ምርጫ ላይ ከዚህ በላይ የሚወጣ አውቃለሁ። ብረቱን ግን መዝኑት። ትክክለኛው ባለ 8፣ 12 ሜትሩ 4.7 ኪሎ ያህል ነው። ባለ 8 ተብሎ በካሊፐር ሲለካ 7 የማይሞላ ገበያው ውስጥ ሞልቷል።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ በተሠራ ቤት ላይ ይህንኑ ማድረግ ነው ውዱ። የሦስቱን ኮለን ልባስ አራግፎ፣ መሠረቱን በስቶ አዲስ ብረት ተክሎ፣ ስታፋ አጥብቆ፣ በየጎኑ 10 ሳንቲም ያህል አርማታ መጨመር። ሱቁ ይጠባል፣ እስኪያልቅ ኪራይ ይቋረጣል፤ ይህንንም ወጪ ብለሽ ደምሪው። ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራው፣ እኔ ከፎቶ አላሰላም። የመሃሉን ግድግዳ ግን መልሺው። ደግሞ ስሚኝ፦ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) ሳይቆም ማንም ሰው ኮለን በመሮ እንዳይነካ። ኮለኖቹ ላይ የተጋደመው ቢም በፑንቴሎ ካልተደገፈ ሥራው አይጀመር።

ሌላው በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነው። ጣራ ላይ ያለው ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ ቤቱ ሲወዛወዝ ያ ሁሉ ክብደት ኮለኖቹን ይገፋል። ድሬ ውሃ ስለሚጠፋ ሮቶ የግድ ነው፣ መሬት ላይ አውርጂውና በፓምፕ ተጠቀሚ። በመንገዱ በኩል ያለውን የብሎኬት ፓራፔት (የጣራውን ጠርዝ አጥር) አፍርሺና በቀላል የብረት አጥር ተኪው፤ ቤቱ ባይወድቅ እንኳ እሱ አላፊ አግዳሚ ላይ ይወርዳል። የጋዙን ሲሊንደር ግድግዳ ላይ እሰሪው።

ይህን ሁሉ አውጥተሽም ቤቱ አይሰነጠቅም ማለት አይደለም። የሕንፃ ደንቡ ራሱ ለከባድ መንቀጥቀጥ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቱ ሰው ላይ እንዳይፈርስ ነው። ድሬ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነች፣ የሰሜን ሸዋዋ ማጀቴ በ1953 በመንቀጥቀጥ የሆነችውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፣ ስለዚህ ምንም አይመጣም አልልሽም።

ቅደም ተከተሉ ውሃው፣ ሮቶውና ፓራፔቱ፣ ከዚያ ሱቁ ነው። ኮንትራክተሩ «ፑንቴሎ አያስፈልግም፣ አንድ በአንድ እናደርገዋለን» ካለሽ ሸኚው። ጀሶው በሁለት ወር ውስጥ ከተሰነጠቀ ፎቶውን ከነቀኑ ላኪልኝ፤ ያኔ መሠረቱን ቆፍረን እናያለን።