ኢንተርኔቱንና ስልኩን ከአንድ ኩባንያ አትግዙ

ውጭ ሀገር አዲስ ቤት ስትገቡ ቀድሞ በር የሚያንኳኳው የኢንተርኔት ሻጭ ነው። ኢንተርኔት፣ ቴሌቪዥን፣ የቤት ስልክ፣ ሞባይል፤ ሁሉም በአንድ ቢል፣ ሁሉም በቅናሽ። ዕቃ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለ ሰው እሺ ብሎ ይፈርማል። እኔ ሜሪላንድ ለረጅም ዓመታት ከቤት ስሠራ ኖሬ አሁን ደሴ ገብቻለሁ። የመስመሩን ሁለቱንም ጫፍ አውቀዋለሁ። ከቤት የምትሠሩ ከሆነና ቤተሰባችሁ ወሎ ካለ፣ ኢንተርኔቱን ለብቻ፣ ስልኩን ለብቻ፣ ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ግዙ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከኢንተርኔቱ ልጀምር። ሻጩ ጮክ ብሎ የሚናገረው ቁጥር የዳውንሎድ፣ ማለትም ወደ ቤታችሁ የሚገባው ፍጥነት ነው፦ 300፣ 500፣ 1000 ሜጋቢት። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ይበቃል። ከቤት ለሚሠራ ሰው ግን ወሳኙ አፕሎድ ነው። ድምፃችሁና ምስላችሁ ወደ ባልደረቦቻችሁ የሚሄደው በእሱ ነው። በቴሌቪዥን ኬብል የሚገባ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ 500 ዳውንሎድ ሰጥቶ አፕሎዱን 10 ወይም 20 ላይ ያቆመዋል። ፋይበር፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ክር የሚገባው መስመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እኩል ይሰጣል። ለአንድ ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ከ3 እስከ 4 ሜጋቢት አፕሎድ ይበቃል። ታዲያ 10 ምን አነሰው ትሉኝ ይሆናል። ለአንድ ሰው አያንስም። ባልና ሚስት ሁለቱም ስብሰባ ላይ ሆነው፣ በዚያው ሰዓት የልጁ ስልክ ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር ግን መስመሩ ይታነቃል። ስለዚህ 100 በ100 የሆነ ፋይበር 500 በ10 ከሆነ ኬብል ለእናንተ በጣም ይሻላል።

ሜጋቢትና ሜጋባይትም አንድ አይደሉም። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያወርደው 12.5 ሜጋባይት ነው። ፋይል ሲወርድ ቁጥሩ አንሶ ብታዩ ተታለልን ብላችሁ አትደንግጡ።

ፍጥነት ብቻውን ግን ሥራ አያሠራም። ብዙ ወገኖቻችን ከቤት ሆነው በስልክ ያስተረጉማሉ። በአንድ በኩል ሐኪም፣ በሌላ በኩል ከሀገር ቤት አዲስ የመጡ እናት፣ መሐል ላይ አስተርጓሚዋ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በቀን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ ሲል «ሁለት» የምትለዋ ቃል ብትቆረጥ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ለአንድ የድምፅ ጥሪ 100 ኪሎቢት ገደማ በቂ ነው። የትኛውም ፓኬጅ ያን ያህል አያጣም። ቃሉን የሚበላው የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የመስመሩ መዘግየትና መቆራረጥ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ የሚመክረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች እርስ በርስ ንግግር መሻማት ይጀምራሉ።

ለዚህ ትልቁ መድኃኒት የ15 ዶላር የኔትወርክ ገመድ ነው። ከሞደሙ ወደ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ሰኩት። አፓርታማ ውስጥ የሃያ ጎረቤት ዋይፋይ በአንድ ግድግዳ ላይ ይጋፋል፤ ገመዱ ከዚያ ሁሉ ግፊያ ያወጣችኋል። ብዙ የማስተርጎም ድርጅቶችም በገመድ ካልሆነ አይቀጥሩም። በሞባይል ማማ በኩል የሚመጣ የ5ጂ የቤት ኢንተርኔትም አለ፤ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ቴክኒሺያን መጠበቅም የለበትም። ነገር ግን ማማውን የሚጠቀመው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይዝላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለክታችሁ ጥሩ ነው አትበሉ። የምትሠሩት በማታ ፈረቃ ከሆነ ማታ ለኩት፤ ጎረቤትንም ጠይቁ። ጎረቤት ከሻጭ የተሻለ እውነት ይነግራችኋል።

አንድ ነገር አደራ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ወደ ሕንፃው የትኛው ኩባንያ መስመር እንደሚገባ አጣሩ። ስንት ሰው ነው ስለ ወጥ ቤቱና ስለ ፓርኪንጉ ሁሉን ጠይቆ፣ ኪራዩን ፈርሞ ከገባ በኋላ ያለው ምርጫ አንድ ኬብል ብቻ መሆኑን የሚያየው! ከቤት ለሚሠራ ሰው ኢንተርኔቱ የቤቱ አንድ ክፍል ነው።

ዋጋውን በተመለከተ እንደምትኖሩበት ሀገር ይለያያል። አሜሪካ ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ኩባንያዎች እያንዳንዱን ፓኬጅ የሚገልጽ መለያ ሠንጠረዥ እንዲያሳዩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቅናሹ ሲያልቅ የሚመጣው ዋጋ፣ የተለመደው የአፕሎድ ፍጥነት፣ የመዘግየቱ መጠን፣ የሞደም ኪራይ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ከሻጩ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት አንብቡት። እንግሊዝ ያላችሁ ኩባንያ ስትቀይሩ ለአሮጌው መደወል አይጠበቅባችሁም፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ አዲሱ ኩባንያ ጣጣውን ሁሉ ይጨርሳል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ኮንትራት ካለቀ በኋላ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ኮንትራቱ በራሱ ጊዜ ለዓመት ታደሰ ብሎ የሚያስር ካለ አትስሙት።

አሁን ወደ ስልኩ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና።

አብዛኛው ዲያስፖራ ኢሞ አለኝ፣ ቴሌግራም አለኝ፣ ዋትስአፕ አለኝ፣ የስልክ ጥሪ ለምኔ ይላል። ሰላም በሆነ ቀን ልክ ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳም ሸዋ በርም ብትሄዱ እናቶች ኢሞ ከፍተው ከጅዳ ልጃቸው ጋር እየተያዩ ያወራሉ። ግን ኢሞ ዳታ ይፈልጋል። ዳታ ደግሞ በእኛ አካባቢ ሁልጊዜ አይኖርም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያኔ ኢሞም ቴሌግራምም ዝም አሉ። መደበኛ ጥሪ ግን በብዙ ከተማ ይሠራ ነበር። በቀጥታ መደወል የለመዱ ልጆች የእናታቸውን ድምፅ ሰሙ። መተግበሪያ ብቻ ያላቸው ልጆች በሰው በሰው ሲያጠያይቁ ከረሙ። ዳታ ባለበት ጊዜም ቢሆን ደላንታ ወይም ሳይንት ገጠር ያሉ አባት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት። እሳቸው ጋ በኢሞ አይደረስም።

ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር በቀጥታ የሚያስደውል መስመር ይኑራችሁ። ሁልጊዜ ባትጠቀሙበትም ይኑር። ስትገዙ «ያልተገደበ ዓለም አቀፍ ጥሪ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ዝርዝሩን ክፈቱና ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የለችበትም። ካለችም ለሦስት ዓይነት ቁጥር ዋጋውን ጠይቁ፦ ለ09፣ ለ07 እና በ033 ለሚጀምረው የቤት ስልክ። ደሴ ውስጥ ብዙ ነባር ቤት ያ የቤት ስልክ አሁንም አለው። ክፍያው በደቂቃ ነው ወይስ በሰከንድ? ገና ሲነሳ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ? ያልተጠቀማችሁበት ሂሳብ ጊዜው ያልፍበታል? በስካይፕ ሂሳብ ሞልታችሁ ስትደውሉ የነበራችሁ ሰዎች አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 መዘጋቱን ታውቃላችሁ። አማራጩን ዛሬ አዘጋጁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በጣም የረከሱ የጥሪ ካርዶችና መተግበሪያዎች አንዳንዴ ጥሪውን በአቋራጭ ያስገቡታል። እናታችሁ ስልክ ላይ የሚወጣው የእናንተ ቁጥር ሳይሆን የማይታወቅ የ09 ቁጥር ይሆናል። እዚህ ደግሞ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የቴሌብር ኮድዎን ይንገሩኝ የሚሉ አጭበርባሪዎች ስለበዙ፣ ልጆች እናቶቻቸውን «የማታውቂውን ቁጥር እንዳታነሺ» ብለው አስጠንቅቀዋል። ጎረቤታችን ያሉ እናት ቡና አፍልተው አቦሉን ሲቀዱ ስልካቸው ጠራ። አዩት። «ይሄ ሌባ ነው» ብለው ዘጉት። ደጋግሞ ጠራ፤ ደጋግመው ዘጉት። ደዋይዋ ቨርጂኒያ ያለች ልጃቸው ነበረች፤ ዘግይታ በኢሞ ስታገኛቸው አለቀሰች። አዲስ መስመር ስትገዙ መጀመሪያ ደውሉና «በምን ቁጥር መጣልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥራችሁ ካልወጣ ሌላ ፈልጉ።

ዱባይና አቡዳቢ ላላችሁ ደግሞ የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ አይሠራላችሁም። እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎች አሉ። ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ያለው ቤተሰብም ያንኑ መተግበሪያ መጫን አለበት፤ ስለዚህ ስልክ የሚያውቅ የወንድም ልጅ አስጭናችሁ፣ ዳታ ሲጠፋ በቀጥታ የምትደውሉበትን ሂሳብ ለይታችሁ አስቀምጡ።

አሁን ሁለቱን ለምን ለያዩ እንዳልኩ ግልጽ ሊሆን ነው። የቤት ኢንተርኔታችሁና ሞባይላችሁ ከአንድ ኩባንያ ከሆኑ፣ የዚያ ኩባንያ ኔትወርክ በወደቀ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስብሰባውም ይቀራል፣ ወደ ደሴ መደወሉም ይቀራል። ሞባይሉ የሌላ ኩባንያ ከሆነ ግን ሆትስፖት ከፍታችሁ፣ ማለትም የሞባይሉን ዳታ ለኮምፒውተሩ አካፍላችሁ፣ ሥራውን ትጨርሳላችሁ። በሁለት ደቂቃ። ጥቅሉን በመተዋችሁ የምታጡት ቅናሽ በወር 10 ወይም 15 ዶላር ቢሆን፣ አንድ የሥራ ቀን ሲቃጠል ከዚያ በላይ ትከፍላላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፤ ርካሽ የሞባይል ብራንዶች ብዙዎቹ የራሳቸው ማማ የላቸውም፣ የትልልቆቹን ይከራያሉ። የእናንተ ሞባይል በየትኛው ኔትወርክ እንደሚሄድ ጠይቁ። የስም ልዩነት ብቻ ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

በጥቅሉ ውስጥ ነፃ ተብሎ የሚሰጠው የቤት ስልክም በኢንተርኔት የሚሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አስቸኳይ ጥሪ ብትደውሉ አምቡላንሱ የሚመጣው መጀመሪያ ባስመዘገባችሁት አድራሻ ነው፤ ቤት ስትቀይሩ አድራሻውን ቀይሩ። ባንኮችም ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ያለው ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ አይልኩም። ስለዚህ ባንካችሁና መሥሪያ ቤታችሁ የሚያውቁት ቁጥር እውነተኛ የሞባይል ሲም ይሁን።

ለግሸን፣ ለገና ወይም ለዒድ መጥታችሁ እዚህ ጥቂት ሳምንት መሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ በዋይፋይ መደወያውን አብሩት። ብዙ ኩባንያዎች እሱ በርቶ ከሄዳችሁ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ቁጥራችሁ ደሴ በዋይፋይ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ፤ የባንክ ኮድም ይደርሳችኋል። ከውጭ ሆኖ መሥራት እንደሚፈቀድ ከቀጣሪያችሁ በጽሑፍ ያዙ። ሰዓቱንም አስሉ። ዋሽንግተን ጠዋት 3 ሰዓት ሲል ደሴ በእነሱ በጋ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት 11 ሰዓት ነው። የሥራ ቀናችሁ እኩለ ሌሊት አካባቢ ያልቃል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ቢሄድ ሞደሙን የሚያቆይ ባትሪ ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ ኩባንያ ልትቀይሩ ወስናችኋል እንበል። አሮጌውን መስመር ቀድማችሁ አትዝጉ። ቁጥራችሁ አብሮ ይሞታል፤ እናታችሁም ባንካችሁም የሚያውቁት ያን ቁጥር ነው። ከአሮጌው ኩባንያ የሂሳብ ቁጥራችሁንና የማዛወሪያ ፒን ተቀበሉ። ለአዲሱ ስጡት። ዝውውሩን አርብ ማታ አድርጉት፤ ቢጓተትም ቅዳሜና እሑድ መሐል አለላችሁ። አዲሱ ሲም መደወልም መቀበልም ሲጀምር ወደ ወሎ አንድ ጥሪ ሞክሩ፤ የባንክ ኮድም አስልኩ። ሁለቱም ከሠሩ አሮጌው ተዘግቶ የመጨረሻው ቢል መምጣቱን ተከታተሉ፤ ሞደሙንም ስትመልሱ ደረሰኙን ያዙ።