መልስ፦ የቶዮታን በር መቆለፊያ ማስተካከልና የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና መጻፍ

ጤና ይስጥልኝ። የቶዮታዎ በሮች በጉዞ ላይ በራሳቸው እንዲቆለፉ በቴክስትሪም (የቶዮታ መኪናን ኮምፒውተር በላፕቶፕ የሚፈትሽና የሚያስተካክል ሶፍትዌር) ማስተካከል ይቻል እንደሆነ፣ ሶማሌ ተራ «ኮምፒውተሩን አስጽፍና ጉልበት ይጨምራል» ያሉዎትም ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። የበሩ ነገር፣ መኪናው አማራጩ ካለው፣ ቀላል ነው፤ ላፕቶፑን ከመኪናው የሚያገናኘውን ገመድ ከመሪው በታች ካለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ሰክተው፣ ኮንታክት ከፍተው፣ የነበረውን ቅንብር ፎቶ ካነሱ በኋላ ይቀይሩ። ሁለተኛው፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ሶፍትዌር እንደገና መጻፉ፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ባትሪው ከደከመ ወይም ገመዱ ከተነቀለ ኮምፒውተሩ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ቮልቴጁን የሚጠብቅ ቻርጀር ሳይታሰር ባይነካ ይሻላል። ደግሞም ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ወደ 20 በመቶ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚያጣውን ጉልበት ሶፍትዌር እምብዛም አይመልሰውም፤ የነዳጁን መጠን ሴንሰሮቹ አስቀድመው ከአየሩ ጋር ያመጣጥኑታልና።