ላዩን አይታችሁ አትፍረዱ

ልጆች፣ ላብራቶሪ ውስጥ ገና እጃችሁን እያፍታታችሁ ላላችሁት ነው የምጽፈው። እኔ ብዙ ዓመት የኖርኩት የሚበሰብስ ፕላስቲክ ውስጡ ምን እንደሚሆን በራጅ በማየት ነው።

ፖሊላክቲክ አሲድን ውሰዱ። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር የሚሠራው፣ "ይበሰብሳል" ተብሎ የሚሸጠው ነው። ወፈር ያለ ቁራጭ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ሲከርም ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡን ለቄስ። ፕላስቲኩ የተሠራበት ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ሲበጠስ የሚፈጠረው አሲድ ከመሃል ቶሎ መውጣት ስለማይችል እዚያው ታፍኖ መበጣጠሱን ያፋጥነዋል፣ ስለዚህ መሃሉ ቀድሞ ያልቃል። ቆርጬ ልየው ካላችሁ ቢላዋው ራሱ አዲስ ስንጥቅ ያመጣል። ማይክሮ ሲቲ፣ ማለትም ናሙናውን ሳይቆርጡ ከብዙ አቅጣጫ በራጅ አንስቶ የውስጡን ምስል የሚሠራው መሣሪያ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ግን ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ወጣት ሳለሁ የአንድ ናሙና የውስጥ ገጽ ስፋት (የስንጥቆቹንና የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ስፋት) ለክቼ በደስታ ለአለቃዬ ሰጠሁ። በማግስቱ ፕላስቲኩን ከአየሩ የሚለየውን የግራጫ ድንበር ትንሽ ነካ ባደርገው ቀጫጭኖቹ ስንጥቆች ጠፉ፣ ስፋቱም ወረደ። ናሙናው ያው ነው! ይህ ፕላስቲክ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሆነ ራጅን እንደ አጥንት አያግድም፣ ድንበሩም ደብዛዛ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በራጅ የማነሳው የገጽ ስፋቷን የማውቃትን ትንሽ ኳስ ነው። እናንተም ሞክሩት። ምስሉ ቮክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ኩቦች ነው የሚሠራው፤ የኩቦቹን የውጭ ፊት እየቆጠራችሁ ብትደምሩ ከእውነተኛው ስፋት 1.5 እጥፍ ይመጣባችኋል፣ ቮክሰሉን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳንሱትም አይስተካከልም፣ ምክንያቱም ኳሷ ከስድስቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ሙሉ ክብ ታሳያለች፣ የኳስ ገጽ ግን የአራት ክብ ስፋት ብቻ ነው። ደረጃ ደረጃውን በሦስት ማዕዘን መረብ አለስልሱት፣ በጣም ይቀርባል።

የበሰበሰ ፕላስቲክ ደግሞ ኳስ አይደለም። ቮክሰሉ ባነሰ ቁጥር አዲስ ስንጥቅ ብቅ ይላል፣ ስፋቱም ይጨምራል። ቮክሰላችሁ 10 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሆነ 2 ማይክሮን የሆነው ስንጥቅ ከቁጥራችሁ ውስጥ የለም። እባካችሁ ከስፋቱ አጠገብ የቮክሰሉን መጠን ሳትጽፉ ለማንም አትስጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እርጥብ ናሙና ክፍት አየር ላይ አታንሱ። ስካኑ ሰዓታት ሲፈጅ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያንን ስንጥቅ መበስበስ ነው ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ክዳን ያለው ትንሽ ቱቦ ውስጥ፣ ከታች እርጥብ ጥጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት።